ከጣና ዳርቻ ሊነሣ የተቃረበው ዓሣ ቤት

በባሕር ዳር ከተማ በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ለብዙ ዓመታት ዓሣ ሲጠበስበት የኖረው ቤት በቅርቡ ከቦታው ይነሣል። ይዞታው ወደ ሌላ እጅ ተላልፏል፤ ከጠረጴዛዎቹ ወደ ውኃው የሚያወርደው የእግር መንገድ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ቤቱን በኪራይ ይዘው የሚሠሩት እናትም ዕቃቸውን ከአሁኑ መሸከፍ ጀምረዋል። ቤቱ ታፔላ ኖሮት አያውቅም። እኔም ቦታውን በዝርዝር የማልገልጸው እኚህ እናት የኪራዩ ጉዳይ እስኪቋጭ ድረስ ስማቸው እንዳይነሣ ስለ ጠየቁኝ ነው፤ በዳርቻው የተመላለሰ ሰው ግን ዋርካውን ስጠቅስ የቱን ቤት ማለቴ እንደ ሆነ አያጣውም።

ስለ ምግብ ቤት የሚጻፍ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሄዶ እንዲበላ ወይም እንዳይሄድ ለመምከር ነው። የእኔም ሐሳብ ከዚያ አይርቅም፤ ነገር ግን ይህ ቤት መቀመጫው እዚያው እያለ ውኃው የተወሰደበት ቤት ነውና፣ አጥሩ ከመቆሙ በፊት የነበረውን እና ዛሬ የሚቀርበውን ለይቼ ካልጻፍኩ ለአንባቢ ትክክለኛ ምስክርነት የሰጠሁ አይመስለኝም።

ከዓሣው ልጀምር። የቤቱ መታወቂያ ሙሉ የቀረሶ (ቲላፒያ) ጥብስ ነው። አምባዛም አልፎ አልፎ ይሠራል፤ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙዎች በመሆናቸው ግን ሳይጠየቅ አይቀርብም። በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉት፣ ከመካከላቸውም ከጣና በቀር በሌላ በየትኛውም ሐይቅ የማይገኙ በርካታ ዝርያዎች ያሉባቸው ዓሣዎች፣ በዚህ ቤት የሚጠበሱት በበጋ ብቻ ነው። እኛ ደንበኞቻቸው እትዬ እያልን የምንጠራቸው እኚሁ እናት ክረምት ሲገባ እነዚህን ዓሣዎች አይገዙም፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች የሚወጡት በዚያ ወቅት ሲሆን፣ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ ተጠምደው የሚመጡትም እንቁላላቸውን እንደ ያዙ ነው። ገበያ ላይ ረክሰው በሚገኙበት ጊዜ አለመግዛት ለአንድ ትንሽ ዓሣ ቤት ቀላል ኪሳራ አይደለም። እትዬ ግን ምንም ሳያወሩለት ለዓመታት አድርገውታል፤ ለቤቱ ያለኝ አክብሮት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

የቀረሶው አሠራር እንዲህ ነው። ቅርፊቱ በቢላ ጀርባ ከጭራው ወደ ራሱ ይፋቃል፤ ሆድ ዕቃው ይወጣል፤ ከዚያ በሁለቱም ጎኑ እስከ አጥንቱ ድረስ ሦስት አራት ቦታ ይሰነጠቅና ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ጭማቂ በስንጥቁ ውስጥ በጣት ይታሻል። ዱቄት አይነካውም። በሰፊ ብረት ድስት ውስጥ ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ ይገባና ሳያገላብጡ ይተዉታል፤ አንደኛው ጎን ጠንክሮ ራሱን ሲችል ብቻ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። እትዬ ረዳቶቻቸውን የሚቆጡት በዚህ ብቻ ነው፤ ዓሣ ደጋግሞ የሚያገላብጥ ሰው ሥጋውን ይበትነዋል ይላሉ። በትሪ ላይ ከእንጀራ፣ ከአዋዜ፣ ከተሰነገ ቃሪያና ለሁለት ከተከፈለ ሎሚ ጋር ሲቀርብ ክንፉና ጭራው እንደ ቆሎ ይቆረጠማል፤ በስንጥቁ መካከል ያለው ሥጋ ደግሞ በጣት ሲነካ ከአጥንቱ ተላቆ ይመጣል። አዋዜው የሚበጠበጠው በየቀኑ ሲሆን ከሚገባው በላይ አያቃጥልም፤ በብዙ ቦታ አዋዜ የዓሣውን ጣዕም ሲሸፍን አይቻለሁና ይህ ልከኝነት ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ የዚህ ጥብስ ጣዕም ከድስቱ በፊት የሚጀምር ነበር። አስጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ጎሕ ሲቀድ ያነሡና ከደንገል በተሠራ ታንኳቸው በቀጥታ ከዋርካው በታች ካለው ዳርቻ ይደርሱ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ይወርዱና ዓሣውን አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥቡን በአውራ ጣታቸው ገልጠው ቅላቱን ያያሉ፤ ዓይኑ አለመደፍረሱን፣ ሥጋው ሲጫኑት ወዲያው መመለሱን ይመለከታሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚነጋገሩት። በውኃው ዳር ከቅርፊት መፋቅ ብዛት መሐሉ የተሰረጎደ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ። ዓሣው እዚያው ይጸዳል፤ ሆድ ዕቃውን ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች ይሻሙበታል፤ የታጠበው ዓሣ ደግሞ በሳፋ ሆኖ ሽቅብ ወደ ምድጃው ይወጣል። ከታንኳው እስከ ድስቱ ያለው መንገድ አንድ ሰው ሳፋ ተሸክሞ ትንፋሽ ሳያጥረው የሚወጣው ያህል ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ የዚህን ቤት ያህል ቅመም የሚያውቁ፣ ከዚህም የተሻለ ድስት ያላቸው ወጥ ቤቶች አሉ፤ እንዲህ ያለ አጭር መንገድ የነበረው ግን ይህ ቤት ነበር።

አጥሩ ከቆመ ወዲህ ያ መንገድ ረዝሟል። ታንኳዎቹ ሌላ ዳርቻ ይደርሳሉ፤ ዓሣው በዚያ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው በጆንያ ሸፍኖ በባጃጅ ያመጣዋል፤ እዚህ የሚደርሰውም ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። በረዶ የሚባል ነገር የለም። ልዩነቱን ምላስ ያውቀዋል፤ ሥጋው ይላላል፤ በስንጥቁ ውስጥ ያለው ጨው በሥጋው ላይ እንደ ቀድሞው አይሰማም፤ ጭራውም ቢቆረጠም ያ ንጹሕ የውኃ ጣዕም የለውም። መጥፎ ሆኗል እያልኩ አይደለም፤ በከተማው ውስጥ ካሉት ብዙ ዓሣ ቤቶች አሁንም የተሻለ ነው፤ ቀድሞ ግን ከማንም ጋር የሚወዳደር አልነበረም። እትዬ ራሳቸው ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስንጥቡ የነጣ ዓሣ ሲመጣላቸው መልሰው ይሰዱታል፤ ለደንበኛው ደግሞ በግልጽ ይነግሩታል። በቅርቡ ለምሳ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጄ፣ የዛሬው ዓሣ አላማረኝም፤ ሽሮ ይሠራልህ?» አሉኝ። ሽሮው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ዓሣ ሊበላ የመጣ ደንበኛን ገንዘቡን ሳይቀበሉ ወደ ሌላ ምግብ መምራት ስንት ቤት ያደርገዋል? አገልግሎት የሚለካ ከሆነ በእንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቦታው ከምግቡ በኋላ የምጽፈው ያነሰ ነገር ስለ ሆነ አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ በስፋቱ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ፣ በጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙም የማይዘልቅ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ውኃው ትንሽ ሲቀንስ ሰፊ ዳርቻ ይገለጣል፤ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ያው ዳርቻ በውኃ ይሸፈናል። ቤቱ ከዚህ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነበር። የባሕር ዛፍ አግዳሚዎቹና ዝቅተኛ ጠረጴዛዎቹ መሬት ውስጥ ያልተተከሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከጥር በኋላ ውኃውን እየተከተሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ዋርካው ይመለሳሉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውኃው ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ ዝቅ ብሎ የመርከቦች ጉዞ በተስተጓጎለበት ጊዜ አግዳሚዎቹ ማንም አይቶት በማያውቀው ቦታ፣ በተሰነጣጠቀ ደለል ላይ ተዘርግተው እንደ ነበር እትዬ ያስታውሳሉ። በደጉም በክፉውም ዓመት ደንበኛው ከውኃው አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

ከዚያ የሚታየውን ለባሕር ዳር ሰው መተረክ አያስፈልግም፤ ለእንግዳ ግን ልግለጸው። ጠዋት ውኃው ጸጥ ያለ ነው፤ የክብራን ገብርኤልና የእንጦስ ደሴቶች በጭጋግ ውስጥ እንደ ተንሳፈፉ ይታያሉ፤ ታንኳዎች ከደንገሉ መካከል ድምፅ ሳያሰሙ ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ዳርቻውን ይመታል፤ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎች ጠዋትን የሚመርጡትም ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ዋርካው ሥር የሚቀመጥ ሰው ሌላው የከተማው ክፍል በሙቀት ሲጨነቅ እሱ በነፋሱ ይጽናናል። አንድ ሻይ አዝዞ እስከ ምሽት የሚያጠና ተማሪ፣ ከሥራ ወጥቶ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ውኃ የሚያይ የቢሮ ሠራተኛ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ከገጠር የመጣና ጣናን ቀረብ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሽማግሌ፣ ሁሉም እኩል ይስተናገዱ ነበር። እትዬ «ተነሡ» ያሉት ሰው አላውቅም። በከተማው ዳርቻ ያሉት አብዛኞቹ መቀመጫዎች የሆቴሎችና የመዝናኛዎች ናቸው፤ በእነዚያ ውስጥ ለመቀመጥ የሚከፈለው ዋጋ ለአንድ ተማሪ የሚቻል አይደለም። ይህ ቤት በሻይ ዋጋ ወደ ሐይቁ የሚያስገባ በር ነበር።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የጣና አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ሐይቁን ማንም አልገዛውም፤ ወደ ሐይቁ የሚያደርሰው መሬት አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ ሲታጠር ግን ያልተሸጠው ውኃ ላልከፈለ ሰው የማይደረስበት ይሆናል። ከተማ እንዲያድግ፣ ዳርቻው እንዲለማ እኔም እፈልጋለሁ፤ የምጠይቀው በእያንዳንዱ አጥር ጎን ሰው በእግሩ ወርዶ ውኃ የሚያይበት አንድ መተላለፊያ እንዲቀር ነው። ጉዳቱ የደንበኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በዚያ ዳርቻ በጣና ዙሪያ ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ ታንኳ ሠሪዎች የደንገል እስራቸውን ያደርቁ ነበር፤ ደንገል ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳ ከሥራ በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበትና ለማድረቂያ የሚሆን ክፍት ዳርቻ የሌለው ሰው ታንኳው ዕድሜ አይኖራትም። ደንገሉ ራሱ እየተመናመነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተስፋፍቶ አስጋሪውን እያስጨነቀ ባለበት ጊዜ አንድ መድረሻ ሲዘጋ ዳፋው ከእኛ ሻይ ጠጪዎች ይልቅ በእነሱ ላይ ይበረታል።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ቡናው በሐይቁ ዳር ካለው ልሳነ ምድር ከዘጌ የሚመጣ ነው። ዘጌ በማረሻ የማይታረስ ምድር በመሆኑ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ እትዬ ከዚያ በጀልባ ከሚመጡ ሴቶች ይገዙና ራሳቸው ይቆሉታል። ጤና አዳም ጣል ይደረግበታል። ከዓሣው ቀጥሎ የምመክረው እሱን ነው። ሻይው ግን ስኳር ይበዛበታል፤ ሳይገባበት እንዲመጣ አስቀድሞ መናገር ይሻላል። የዓሣ ሾርባ የሚሠራው ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ከራስና ከአጥንት የሚወጣ በመሆኑ ወፍራምና ጥሩ ነው። ኮተሌቱ እንዲያው ለልጆች ሲባል የሚሠራ ነው፤ ለእሱ ብሎ የሚመጣ ሰው አይኖርም። ዋጋው በዳርቻው ካሉት ሆቴሎች ጋር ሲነጻጸር በጣም ዝቅ ያለ ነው።

ጉድለትም አለበት። ዓሣው የሚጠበሰው ደንበኛው ካዘዘ በኋላ ስለ ሆነ በበዓልና በሰንበት ጥበቃው ይረዝማል፤ የራበው ሰው ይማረራል። መጸዳጃ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ቤት አይመጥንም፤ ይህን ለእትዬም ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ፤ ተከራይ በመሆናቸው አዲስ መሥራት እንዳልተፈቀደላቸው ነው የሚመልሱት። ሲመሽ ትንኝ ይበዛል፤ ባሕር ዳር ወባ ያለባት ከተማ ናትና ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የሚቆይ ሰው እጅጌው ረጅም ልብስ ቢለብስ መልካም ነው። ዳርቻው ክፍት በነበረ ጊዜ ልጆች እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ሲጫወቱ ማየትም ያሳስበኝ ነበር፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ሌላ ዳርቻ ይዟቸው የሚሄድ ወላጅም ይህን አይርሳ።

አሁን ቤቱ ግማሹ ሥራ፣ ግማሹ ጉዞ ነው። ከግድግዳው ላይ የነበሩት መደርደሪያዎች ተነቅለዋል፤ ሲኒዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው በካርቶን ገብተዋል፤ ከአግዳሚዎቹ የተሰበሩት ለማገዶ ተለይተው የቀሩት በገመድ ታስረዋል። ትልቁ ብረት ድስት እስከ መጨረሻው ቀን ከምድጃው አይወርድም። ዓሣ የሚጸዳበት ያ ድንጋይ ከአጥሩ ወዲያ ቀርቷል፤ አንድ ረዳት «ተንጠላጥዬ ላምጣው?» ሲላቸው፣ እትዬ፣ «ተወው፤ ውኃ የሌለበት ቤት ወስጄ ምን ላደርገው ነው?» ብለው ከለከሉት። የሚያሳዝናቸው ቤቱን መልቀቃቸው እንዳልሆነ ነግረውኛል፤ ሰው ከተከራየው ቤት መውጣቱ ያለ ነው አሉ። የሚከብዳቸው በየማለዳው ወደ ውኃው መውረድ መቅረቱ ነው። ያን ሲናገሩ እያዩ የነበሩት ቆርቆሮውን ነበር፤ እኔም የምመልሰው አጥቼ ቡናዬን ጨረስኩ።

የሚዛወሩበትን ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ። ከሐይቁ ርቆ በአስፋልት ዳር የሚገኝ፣ ጓሮው ሲሚንቶ የሆነ ቤት ነው። የቧንቧ ውኃ አለው፤ መጸዳጃው ንጹሕ ነው፤ መብራት ሲኖር የሚሠራ ማቀዝቀዣም ከቤቱ ጋር ተከራይተዋል። ስለዚህ ከላይ ከጠቀስኳቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ እዚያ ይቀረፋሉ፤ ይህን አለመጻፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ጥላ ግን የለም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታል፤ የመኪናው አቧራም ከትሪው ላይ ማረፉ አይቀርም። ነፋሱንና ውኃውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው እዚያ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ያን የሚፈልግ ሰው ሌላ ክፍት ዳርቻ ይፈልግ ከማለት በቀር ሌላ ምክር የለኝም።

ዓሣውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ። እትዬ ከድሮዎቹ አስጋሪዎች ሁለቱን አነጋግረዋል፤ በየማለዳው ታንኳዎቹ አሁን ከሚደርሱበት ዳርቻ ድረስ ረዳታቸውን በብስክሌት ሊልኩ፣ ዓሣውን ያለ ነጋዴ በቀጥታ ሊቀበሉ፣ ስንጥቡንም ራሳቸው ሳያዩ ወደ ድስት ላያስገቡ ወስነዋል። ይህ ከተፈጸመ ረዝሞ የነበረው መንገድ እንደ ቀድሞው ባይሆንም በብዙ ያጥራል። እንግዲህ ወደ አዲሱ ቤት የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከረፋዱ በኋላ የሚቀርበው ከማቀዝቀዣ የወጣ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ቀረሶ እዘዙ፤ ከመጠበሱ በፊት ስንጥቡ እንዲገለጥላችሁ ጠይቁ፤ እትዬ በጥያቄው አይቀየሙም። «ዛሬ አላማረኝም» ካሏችሁ ሽሮውን ብሉ። አሁን ባለበት ቦታ መብላት የምትፈልጉ ደግሞ እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ በየቀኑ ክፍት ነው፤ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሲሆን፣ አግዳሚዎቹ ጥቂት ስለ ቀሩ ብዙ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።